የወጪ ደብተር፦ አንዲት የደሴ እናት በሜልበርን እንዴት ቆጠቡ

እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት የማኅበራችንን አንዲት ነባር አባል ዕቃ ላጓጉዝ ፍሌሚንግተን ወዳለው የኮሚሽን ፎቅ ሄድኩ። የቪክቶሪያ መንግሥት በሴፕቴምበር 2023 በሜልበርን ያሉትን 44 ረጃጅም የኮሚሽን ፎቆች እስከ 2051 ድረስ አፍርሶ በአዲስ እንደሚተካ አስታውቆ ነበር፤ መጀመሪያ ተራ ከደረሳቸው ውስጥ አንዱ የሳቸው ሕንፃ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ቤት ሲፈታ ምን ምን እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ። የበርበሬ ፕላስቲክ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ ክዳን የሌለው ድስት፣ ድስት የሌለው ክዳን። ከአልጋው ሥር አንድ ትልቅ የአርኖትስ ብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ባዶ መስሎኝ ሳነሳው ከበደኝ። ውስጡ 11 የተማሪ ደብተር ነበር።

"እሱን ተወው፣ የወጪ ነው" አሉኝ።

አልተውኩትም። ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ ለዘንድሮው መጽሔት የማቀርብላችሁ ታሪክ ከዚያ ቆርቆሮ የወጣ ነው። ባለቤቷ ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል ስላስገቡኝ እዚህ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው በ1989 የአንድ ዓመት ወንድ ልጅ አዝለው ሜልበርን ገቡ። መጀመሪያ ቢሮ ያጸዱ ነበር፤ በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ገቡ። ደብተሮቹ ከ1991 እስከ 2019 ያለውን ይይዛሉ። የጎደለ ገጽ አለ፤ አንዱ ደብተር ላይ ልጁ በልጅነቱ አውሮፕላን ሥሎበታል። (ዓመት በጠቀስኩበት ሁሉ "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር የፈረንጆቹ ነው። የደብተሩም ቀን እንደዚያው ነው።)

እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ረጅም ዘመን ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ግን ስለ ማኅበራችን በተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ማን ሊቀ መንበር እንደነበረ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ጣራ እንደተመታ አንብቤአለሁ። አሥር ዶላር ያዋጣችው ሴት ያቺን አሥር ዶላር ከየት እንዳመጣች የጻፈ የለም። ደብተሮቹ ይህን ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ሀገር ቤት 40፣ ዕቁብ 50፣ ዕድር 5፣ ማኅበር 5። ከዚያ በማስመሪያ አንድ መስመር ተሰምሮ ኪራይ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ትራም፣ አስቤዛ ይከተላል። ደመወዝ በገባ ቀን ሁሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ያው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። አራተኛው ደብተር ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ሀገር ቤት ያለ ዘመድ የሚላክለት ከትርፍ ላይ ይመስለዋል፤ እትዬ ግን የሚልኩትን አስቀድመው ቆርጠው በተረፋቸው ነበር የሚኖሩት። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሽንኩርቱም ማሞቂያውም፣ የሚሸነሸን ነበር። ከመስመሩ በላይ ያለው አይነካም።

ይህን ሳይ በሰንሻይን የሆነ አንድ የቆየ የፍርድ ጉዳይ ትዝ አለኝ። ዛሬ ሰንሻይን ስንል ዘመድ የምንጠይቅበት፣ በርበሬና እንጀራ የምንገዛበት ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ግን ሂዩ ቪክተር ማኬይ ከተባለ ሰው የእህል ማጨጃ ማሽን ፋብሪካ ነው። በኖቬምበር 8 ቀን 1907፣ ማለትም በእኛ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ የዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ወሰነ። ውሳኔው ሃርቬስተር በሚል ስም ይታወቃል፤ የአውስትራሊያ ዝቅተኛ ደመወዝ ታሪክ ሲነገር ከዚያ ይጀመራል። ለእኔ ከውሳኔው ይልቅ የደረሰበት መንገድ ነው የገረመኝ። ዳኛው ኑሮ ስንት ይፈጃል የሚለውን ለማወቅ የሠራተኞችን ሚስቶች ቃል ሰማ። ሴቶቹ ችሎት ቀርበው የዳቦውን፣ የሥጋውን፣ የወተቱን፣ የማገዶውን ወጪ ተናገሩ። ሂጊንስ ደምሮ አምስት ነፍስ ያህል ላለበት ቤት ኪራይን ጨምሮ በሳምንት 32 ሺሊንግ ከ5 ፔንስ እንደሚፈጅ አገኘ፤ ደመወዙንም ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ያልሠለጠነ ሠራተኛ በቀን 7 ሺሊንግ፣ በሳምንት 42 ሺሊንግ አደረገው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 9 ሺሊንግ ከ7 ፔንስ ነው። ዳኛው ራሱ በዚያ በ32ቱ ሺሊንግ ውስጥ ያልገቡትን ዘርዝሯል፦ ልብስ፣ ጫማ፣ የትራም ሒሳብ፣ የልጆች የትምህርት ዕቃ፣ ቁጠባ፣ የመረዳጃ ማኅበር መዋጮ፣ ሕመምና ሞት፣ ሃይማኖትና ምጽዋት። ይህን ዝርዝር ከእትዬ ደብተር ጎን አስቀምጡት። ቁጠባው ዕቁብ ነው፣ የመረዳጃው ዕድር ነው፣ ሞቱ ዕድር ነው፣ ምጽዋቱ ሀገር ቤት ነው። በዳኛው ሒሳብ በትርፍ የቀሩት በእትዬ ደብተር ከመስመሩ በላይ ናቸው። ደግሞ ልብ በሉ፣ የዚያ ችሎት ደመወዝ የተሰላው ለወንድ አባወራ ነው፤ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት በዚያ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

እትዬ ሃርቬስተር የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። የቅደም ተከተሉ ምንጭ ደሴ ነው።

እኔም እዚያው ስላደግሁ አውቀዋለሁ። አያቴ ጠገራ ብር በበርኒ ውስጥ ቀብረው የኖሩ ቤተሰቦችን ያስታውሱ ነበር። ባንክ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ቢሆንም ለገበያ ሴት ባንክ ቤት መግባት ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብን በቤት መደበቅም ዋስትና አልነበረውም። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡ ምስል ያለበትን ኖት ሲቀይር ከጣራ ሥር፣ ከፍራሽ ውስጥ ያከማቹትን ይዘው የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ የጊዜ ገደቡ ያለፈበት አንድ ዘመዳችን ያንን ወረቀት ለልጆች መጫወቻ ሰጠ ሲባል ሰምቻለሁ። ዕቁብ ግን ገንዘቡን አንድ ቦታ አያሳድረውም። ዛሬ የተሰበሰበው ዛሬውኑ ለአንዱ ይሰጣል። የሚቀመጠው ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉንም ዋስ ይይዘዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ላይ ስለነዚህ የመረዳጃ ልማዶቻችን ሲጽፉ ነገሩ በከተማው ሥር ሰድዶ ነበር። በደሴ የገበያ ሴቶች ዕቁብ ሰኞ ሰኞ፣ ገበያው ሲበተን ይጣላል። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም አንድ ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። የእትዬ እናት ጨው ቸርቻሪ ነበሩ፤ ዕቁብ ሳይጥሉ ለልጆቻቸው ዳቦ አይገዙም ነበር ይላሉ። ትንሽ ያጋነኑ ይመስለኛል። ግን ደብተሩ ይመሰክርላቸዋል።

ዕቁቡ ሜልበርን ሲገባ መጀመሪያ የተለወጠው ቀኑ ነው። እዚህ ደመወዝም የሴንተርሊንክ ክፍያም በየሁለት ሳምንቱ ስለሚገባ የሳምንቱ ዕቁብ የሁለት ሳምንት ሆነ። በደብተሩ ውስጥ የመጀመሪያው ዙር 20 ሰው፣ በየሁለት ሳምንቱ 50 ዶላር፣ ዕጣው 1,000 ዶላር ነው። ዙሩ 40 ሳምንት ይፈጃል። ዳኛውና ጸሐፊው እንደ ሀገር ቤቱ ነበሩ፤ የቀረው ጠጁ ብቻ ነው። ሌላም የተጨመረ ደንብ ነበር፦ ከሀገር ቤት መርዶ የመጣበት ሰው ሳይጠየቅ ዕጣውን ይወስዳል። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም። በ1990ዎቹ ብቻ ሰባት ጊዜ ሥራ ላይ እንደዋለ ግን ከደብተሩ ቆጥሬአለሁ። እትዬ ራሳቸው አንዴ ወስደዋል፤ ገጹ ላይ "እናቴ" ተብሎ 1,000 ተጽፏል፣ ሌላ ቃል የለም። ሄደው አልቀበሩም። ገንዘቡን ለቀብሩና ለተዝካሩ ላኩት።

ይህች ከተማም በበኩሏ ዕቁብ የሚመስል ነገር ፈጥራ ነበር። በ1981 ኮሊንግዉድ ላይ የጉድ ሼፐርድ መነኮሳት ለድሆች ወለድ የሌለው ብድር መስጠት ጀመሩ፤ ማቀዝቀዣ ወይም ልብስ ማጠቢያ ለመግዛት የሚሆን፣ ተከፍሎ ሲያልቅ ለሌላው የሚተላለፍ። አሠራሩ እስከ ዛሬ በአገሪቱ ሁሉ አለ። ወለድ ስለሌለው ሙስሊም አባሎቻችን ቶሎ ሊያውቁት ይገባ ነበር፤ ማኅበራችን ግን በስብሰባ አንስቶት አያውቅም። በ2003 ደግሞ ብራዘርሁድ ኦፍ ሴንት ሎረንስ የተባለው ድርጅት ከኤኤንዜድ ባንክ ጋር ሆኖ ሴቨር ፕላስ የሚባል ጀመረ። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ወላጅ ለወራት ሲቆጥብ ለትምህርት ወጪ እነሱ ጨምረው ይሰጡ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት የሚጨምሩት እስከ 500 ዶላር ነበር። እትዬ ስለዚህ የሰሙት ልጃቸው ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከመስመሩ በታች ያለውን ብዙዎቻችሁ በራሳችሁ ቤት ታውቁታላችሁና አላረዝመውም። አንዳንዱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ቅዳሜ ከሰዓት ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ። ይህ ገበያ በ1878 የተከፈተ ነው፤ ልማዱም ያው የገበያ ልማድ ነው፣ ሊዘጋ ሲል ሻጩ ይጮኻል፣ ዋጋውም ይወርዳል። እትዬ ሲሄዱ ከፍሌሚንግተን በእግር፣ ሲመለሱ ዕቃ ስለሚይዙ በ57 ቁጥር ትራም ነበር። የሁለት ሰዓት ቲኬቱን ደቂቃ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ይጽፉታል። በዚያች ቲኬት ገበያውን ብቻ አልነበረም የሚጨርሱት፤ አንድ ቅዳሜ ገበያ፣ ፋርማሲና ለቅሶ ቤት በአንድ ቲኬት ደርሰው ተመልሰዋል። አንድ ሳጥን ቲማቲም ለአራት ቤት ይካፈላል። ሥጋው ቅርጫ ነው። በበዓል ጊዜ ክርስቲያኖቹ ለብቻ፣ ሙስሊሞቹ ለብቻ ያርዳሉ፣ ይህ የወሎ ሥርዓት ነው። ቢላውና ሚዛኑ ግን የጋራ ነበር፣ አሁንም ያለው አንድ ቤት ነው።

እንጀራውም የራሱ ታሪክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጤፍ ማግኘት ከባድ ስለነበር ራሱ የሚነፋውን የኬክ ዱቄት፣ ሰልፍ ሬዚንግ የሚባለውን፣ ከሩዝ ዱቄት ጋር ያቦኩ ነበር። በኋላ ከህንድ ሱቅ የማሽላ ዱቄት ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል የሀገር ቤቱን ዋጋ ለማርገብ ነበር፤ እዚህ ግን ጤፍ ይበልጥ የበዓል እህል ሆነ። በ2007 ደብተር ላይ "ጤፍ፣ ለፋሲካ ብቻ" የሚል አለ።

ሒሳባቸውን ሳይ አንድ ነገር አሳቀኝ። ከዲሴምበር 2009 ጀምሮ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ከዋጋው ጎን የኪሎውን ወይም የ100 ግራሙን ዋጋ እንዲጽፉ ሕግ አስገደዳቸው። እትዬ ከ1994 ጀምሮ በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ራሳቸው ያካፍሉ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ትልቁ የዘይት ጄሪካን ከትንሹ እንደሚወደድ አግኝተው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል።

ልብሱ ከኦፕ ሾፕ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ጫማ በሌይባይ፣ ከጃንዋሪ አስቀድሞ ከኦገስት ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየተከፈለ። ወንበሮቹ ሰዎች ለማዘጋጃ ቤት ጥረጊያ ከደጃፋቸው ካወጡት፣ ሃርድ ራቢሽ ከምንለው። ሽሮና በርበሬ ሁልጊዜ የሦስት ወር ይቀመጣል። ይህ ልማድ በጁላይ 4 ቀን 2020 መንግሥት በኮቪድ ምክንያት የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ ፎቆችን በድንገት ሲዘጋ ጠቀማቸው። ነዋሪው መውጣት ተከልክሎ የሚመጣውን ምግብ ሲጠብቅ እትዬ ከአልጋ ሥር ቆርቆሮ እያወጡ ለፎቁ ሦስት ቤት ሽሮ ሰጥተዋል። "ሰው ሁሉ ጉድ አለ፣ እኔ ግን ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ" አሉኝ ስለዚያ ሳምንት። ቀልዳቸውን ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

ቁጠባ ሁሉን ያድናል ማለቴ እንዳልሆነ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። የታክሲ ላይሰንስ ዋጋው ጣሪያ በነካ ጊዜ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ዕቁብ ላይ ዕቁብ ደርበው፣ ከባንክ ተበድረው የገዙ ጓደኞች ነበሩኝ። በኦክቶበር 2017 የቪክቶሪያ መንግሥት ያንን ላይሰንስ ሰረዘው፤ የተከፈለው ለመጀመሪያው ላይሰንስ 100,000 ዶላር ነበር። ከጓደኞቼ አንዱ ዛሬም የእኔን ያህል ዕድሜ ይዞ ሌሊት ይነዳል። ሻይ ከውጭ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ክፍል ልምጣ።

ዕቃ በምናወርድበት ቀን የእትዬ ልጅ አብሮን ነበር። ዛሬ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ደብተሮቹን አይቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና የ2005ን ክረምት አወጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ያጠናበት ዓመት ነው። ማሞቂያ የሚለው መስመር ላይ በጁንም በጁላይም ባዶ ነው፤ ከላይ ግን ሀገር ቤት አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለትምህርት ቤቱ ጣራ ተጨማሪ 60 ዶላር አለ። "እዚያ ቆርቆሮ የተመታው እኛ እዚህ ብርድ ላይ ቁጭ ብለን ነው" አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ጋቢ ተከናንቦ፣ የምድጃውን በር ከፍተው በዚያ ሙቀት እንደሚያጠና ነገረኝ። እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር።

ምን እንደምመልስለት አጣሁ። ያንን ጣራ በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ አጨብጭበንለታል፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ደብተሮቹን አስፈቅጄ ቤቴ ወሰድኩና የጋዝና የመብራቱን ዓምድ ለብቻ ገለበጥኩ። እስከ 2002 ድረስ የክረምቱ ሒሳብ ሲመጣ ከጎኑ "ቅናሽ" እየተባለ ይጻፋል። ከ2003 ጀምሮ ይህ ቃል የለም። እስከ 2005 ክረምት መጨረሻ ድረስ ሦስት ክረምት የለም። ደውዬ ጠየቅኋቸው። በ2002 የኤሌክትሪክ ገበያው ለቤት ደንበኞች ክፍት ሲሆን ሻጮች በየፎቁ በር ማንኳኳት ጀምረው ነበር፤ አንዱ በር ላይ መጥቶ "ይረክስልዎታል" ብሎ አስፈረማቸው። ድርጅት ሲቀየር የኮንሴሽን ካርዱ አብሮ አይሄድም፤ ለአዲሱ ድርጅት እንደገና መስጠት ያስፈልጋል። ያንን የነገራቸው አልነበረም። ሒሳቡ ሲያሻቅብ የመሰላቸው ብዙ የፈጁ ነው። ስለዚህ ማሞቂያውን ዘጉት።

ደመርኩት፤ በሦስቱ ክረምት የቀረባቸው ቅናሽ ወደ 250 ዶላር ነው። ብዙ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ለጣራው ከጨመሩት 60 ዶላር አራት እጥፍ ነው። ልጁ ያንን ክረምት በሙቀት አጥንቶ፣ ጣራውም ተመትቶ፣ ገንዘብ ይተርፍ ነበር። ያንን ሰሞን እኛ በየወሩ አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰብ ነበር። አጀንዳችን ውስጥ የመዋጮ ጉዳይ ሁልጊዜ አለ፤ የአባላት የመብራት ሒሳብ አንድ ቀን ተነስቶ አያውቅም።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "አሁን ገብታለች ካርዷ?" አለኝ። ገብቷል፣ ራሴ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ለእናንተም ደረቁን ነገር ልጻፍ። ዛሬ በቪክቶሪያ የጡረታ ወይም የሄልዝ ኬር ካርድ ያለው ሰው ከመብራት ሒሳቡ ዓመቱን ሙሉ 17.5 በመቶ ይቀነስለታል፤ ከጋዝ ደግሞ ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ያው 17.5 በመቶ። ካርዱ በድርጅቱ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ካርድ ሲታደስ ወይም ድርጅት ሲቀየር ሒሳቡ ላይ ቅናሹ መኖሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ሒሳብ መክፈል ላቃተው ሰው ዩቲሊቲ ሪሊፍ ግራንት የሚባል አለ፤ ለመብራት፣ ለጋዝና ለውሃ ለየብቻ ይሰጣል፤ የሚጠየቀው ሒሳቡን ለላከው ድርጅት ተደውሎ ነው። ከጁላይ 2019 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት የሚወስነው መነሻ ዋጋ አለ፤ ከሱ በላይ እየከፈላችሁ ከሆነ ደውላችሁ ወደዚያ ዋጋ አዛውሩኝ ማለት ትችላላችሁ። የኮሚሽን ቤት ኪራይ ከቤተሰብ ገቢ 25 በመቶ አይበልጥም፤ ገቢ ሲቀንስ ሳያሳውቁ በድሮው የሚከፍሉ እናቶች ግን አሁንም አሉን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የደሴን ጉዳይ ረስቼ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋን ባገኛት ጊዜ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ባዶ ሲቀር ያየነውን አንረሳውም፤ ገና ያልተተካ ብዙ ነገር አለ። እትዬ በመጀመሪያው ደብተር ሲጽፉ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ከእኛ መካከል ይህን ሰምቶ "እንግዲህ ትንሽ ብንልክም ይበቃል" ያለ ነበር። እዚያ ያለው የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ግን ብሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። መዋጮ ይጨምር የሚለው ሐሳብ በመጪው ጉባኤ ይቀርባል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። አንድ ነገር ግን አብሮ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። ከመዋጮ መሰብሰቢያው ጠረጴዛ ጎን ሌላ ጠረጴዛ ይኑር፤ አባላት የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ሒሳባቸውን ከካርዳቸው ጋር ይዘው ይምጡ፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆቻችን ይዩላቸው። የእትዬ ልጅ እዚያ ለመቀመጥ ተስማምቷል። መዋጮ ስለመክፈሉ ግን ገና ቃል አልሰጠኝም፣ እኔም አልገፋሁትም።

ደብተሮቹን ማኅበሩ ገልብጦ እንዲያስቀምጥ እትዬ ፈቅደዋል፣ የሌላ ሰው ስም ያለበት ገጽ ተለይቶ። ተመሳሳይ ደብተር፣ የዕቁብ መዝገብ፣ የድሮ ደረሰኝ በቤታችሁ ያለ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ንገሩን።

ደብተሮቹን ልመልስ አዲሱ ቤታቸው ስሄድ ማሞቂያው ይሠራ ነበር። ቡና አፈሉልኝ። ልጃቸው ስላለው ነገር አነሳሁባቸው፤ አንስቼ ባላነሳሁ ብዬ ነበር።

"እውነቱን ነው" አሉኝ። ሲኒውን አስቀምጠው ትንሽ ቆዩ። "ሰኞ ገበያ ግን እናቴ ስትጥል አይቼ ነው ያደግሁት። እሱ ያን አላየም፣ በምን ይፈረድበታል?"

ከዚያ ከቦርሳቸው የተጠቀለለ ገንዘብ አውጥተው የዓመቱን መዋጮ ቆጠሩልኝ። እቤት ሄጄ ደረሰኙን እልክልዎታለሁ ብላቸው እሺ አላሉም። ከመኪናዬ የደረሰኝ ጥራዙን አምጥቼ እዚያው ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት።